ወደ ሰራልታ የሚወስደው የጭቃ መንገድ

ሻርለሯ፣ ቤልጅግ
የካቲት 9 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለኢንኮሮናታ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ይህን የምጽፍልዎ የሳቪኖ ልጅ ሩጄሮ ነኝ። አባቴና እርስዎ የወንድማማች ልጆች ስለሆናችሁ አክስቴ ብልዎ ቅር እንደማይሰኙብኝ ተስፋ አለኝ። ተያይተን አናውቅም። አባቴ ሲቀበር የላኩልንን የማጽናኛ ቃል ግን እናቴ እስከ ዛሬ በጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች።

አሁን የምጽፍልዎ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ወደ አባቴ አገር፣ ወደ እናንተ ልመጣ አስቤአለሁ። የምመጣው በብስክሌት ነው። እባክዎ አይሳቁብኝ። እስከ ሜታፖንቶ በባቡር እመጣና፣ ከባሕሩ ዳር ተነስቼ በየመንደሩ እያደርኩ ሽቅብ ወደ ሰራልታ እወጣለሁ። አባቴ ከድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ወጥቶ ቤት ሲገባ ብዙ አያወራም ነበር። ሲያወራ ግን ስለዚያ ስለ ነጩ ገደል ነበር። ጨረቃ ላይ ሰው ወጣ ብለው ጎረቤቶቻችን ሲያወሩ፣ «ይሄ ምን ይደንቃል? እኔ እዚያው ነው የተወለድኩት» አላቸው።

ለጥቂት ቀናት ጋደም የምልበት ቦታ አይጠፋም? መንገዱስ በየት በኩል ይሻላል? ከዚህ የሚፈልጉት ነገር ካለም ሳይሳቀቁ ይዘዙኝ። ባለቤቴ ጆዚያን እጅ ነስታለች።

አክባሪዎ
ሩጄሮ


ሰራልታ
የካቲት 27

አይቼው ለማላውቀው ለሳቪኖ ልጅ፤

እመቤታችን አንተንና ቤትህን ትጠብቅ። ደብዳቤህን ሳነብ አልቅሻለሁ፤ «በብስክሌት» የሚለው ላይ ስደርስ ደግሞ ስቄአለሁ። አትሳቁ ብለሃል፤ ምን ላድርግ? አንተ ልጅ፣ አውቶቡስ ጠፋ? የእኛ አውቶቡስ እንኳ ይህን ዳገት ሲወጣ እያቃሰተ ነው፤ ሾፌሩ ጀራርዶ በየመታጠፊያው ያማትባል። ደግሞስ በሚያዝያ ያን ያህል ፈቃድ የሚሰጥ ፋብሪካ የት ነው ያለው? ደግ አሠሪ ነው የሰጠህ።

ለመኝታ አትጨነቅ። አባትህ በልጅነቱ የተኛበት ክፍል አለልህ። ስልክ ልደውል እንዳትል። ስልክ ያለው በሮኪና ሱቅ ነው፤ እዚያ ሆኜ ስጮህ መንደሩ ሁሉ ሳል እንኳ ሳይስል ያዳምጠኛል። ጻፍልኝ፣ እጽፍልሃለሁ። ካልክ አይቀር ለጉልበቴ የሚሆን ቅባትና ወፍራም የሱፍ ካልሲ አምጣልኝ።

መንገዱን በሚመለከት ግን ልብ ብለህ አንብብ። የወንዙን ድልድይ እንደ ተሻገርክ አስፋልቱ ወደ ግራ ይዞርና ወደ ቶሬካቫ ይወጣል። በእሱ አትውጣ። በስተ ቀኝ በነጩ ገደል መሐል የሚያልፍ የአፈር መንገድ አለ። ድሮ በበቅሎ የምንሄድበት ነው፤ በሱ ና። በቶሬካቫ በኩል እንዳትመጣ፤ መንገዱ ጥሩ አይደለም።

አክስትህ
ኢንኮሮናታ


ሻርለሯ
መጋቢት 20

ለውድ አክስቴ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይቸግረኛል። የአባቴ ክፍል እስካሁን መኖሩን ስነግራት እናቴ ደጋግማ አስነበበችኝ። ቅባቱና ካልሲው ተገዝቷል።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። ካርታ ገዝቼ አየሁት፤ የቶሬካቫው መንገድ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ነው፣ ደግሞም አጭር ነው። የታችኛው ግን በነጠብጣብ ነው የተሣለው። የብስክሌት ክለባችን ሽማግሌ ካርታውን አይቶ፣ «ያ አፈር እርጥብ ከሆነ የአገሬው ሰው እንኳ አይረግጠውም» አለኝ። እናቴ ደግሞ ቶሬካቫ ውስጥ ጆኮንዳ የምትባል እህት አለችዎት ትላለች። እውነት ነው? ከሆነ ለእሳቸውም ካልሲ ልያዝላቸው?

ናፋቂዎ
ሩጄሮ


ሰራልታ
ሚያዝያ 17

ለልጄ ለሩጄሮ፤

የፋሲካ በረከት ይድረስህ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ዶሮ ቤቱ ፈርሶ አሠራሁ፤ አንተ የምትተኛበት ክፍልም ኖራ ተቀብቷል።

ቅባቱን ተወው፤ ካልሲውንም ተወው። ሸክም አታብዛ። አንተው ራስህ በደህና ከመጣህልኝ ይበቃኛል። በግንቦት መባቻ እዚህ አይዘንብም፤ አፈሩ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በታችኛው መንገድ ና። ከታች ብቅ ስትል ከእኔ በረንዳ ትታያለህ፤ ዶሮዋን ያኔ አርዳለሁ።

አክስትህ
ኢንኮሮናታ


ፒሶፍራንኮ፣ ከጉዞ ላይ
ሚያዝያ 30

ለውድ አክስቴ፤

ይህ ደብዳቤ ከእኔ በኋላ ይደርስዎት ይሆናል፤ ግን ዛሬ ሳልጽፍልዎ መተኛት አልቻልኩም።

አባቴ ሰው አጋንኖ ያወራል ይሉት ነበር። ምንም አላጋነነም። አገሩ ሁሉ ተሸንትሮ፣ ተቦርቡሮ፣ ነጭና ግራጫ ሆኖ ቁጭ ብሏል። አንዱን ኮረብታ ጥርሴን ነክሼ እወጣና መንደሩ ፊት ለፊቴ ሲታየኝ «ደረስኩ» እላለሁ። መንገዱ ግን ያላግጥብኛል፤ ወንዙ ድረስ አውርዶ እንደ ገና ያስጀምረኛል። ትናንት በመጨረሻው ማርሽ እንኳ አልገፋ ብሎኝ ወርጄ እየገፋሁ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከወይን ቦታው ወጣና ምንም ሳይለኝ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ ይገፋልኝ ጀመር። እላይ ስንደርስ «በል ሂድ» ብሎኝ ተመለሰ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

እዚህ ፒሶፍራንኮ ስገባ ካርታ የሚጫወቱ ሰዎች ጨዋታቸውን አቁመው አዩኝ።

«ከየት ነው?» አለኝ አንዱ።

«ከባሕሩ።»

«በዚህ?»

«በዚህ።»

«ምን አድርገህ ነው? ፖሊስ ነው የሚያሳድድህ?»

ከዚያ ወንበር ሰጡኝ፤ ዳቦና አይብ መጣ፤ በዘይት የተጠበሰ ቀይ ደረቅ ቃሪያ መጣ፤ አፍ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ አባቴ ለምን ሲያልመው እንደ ኖረ ገባኝ። አንዲት አሮጊት ከመስኮቷ ሆና «የማን ነህ?» ብላ ጮኸችብኝ። የሳቪኖ ነኝ፣ የሰራልታው አልኳት። «ያ አኮርዲዮን ተጫዋቹ? በሠርጌ ቀን እስኪነጋ ያስጨፈረን?» አለች። አክስቴ፣ አባቴ አኮርዲዮን ሲነካ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ቤታችን ውስጥ አኮርዲዮን አልነበረም። ሴትዮዋን ስለ አባቴ እንድታወራልኝ ለመንኳት፤ እሷም ወርዳ አጠገቤ ተቀምጣ አወራችልኝ።

ስለ ፈቃዴ ጠይቀውኝ ነበር። ፈቃድ አይደለም። የምሠራበት የመስታወት ፋብሪካ ከተዘጋ ከረመ። ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ብስክሌቱን ከምድር ቤት ያወጣችው ጆዚያን ናት። አቧራውን ጠርጋ፣ «ወይ ይህን ይዘህ ሂድ፣ ወይ እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አለችኝ። ለእርስዎ ለመናገር አፍሬ ነበር። ዛሬ ግን እነዚህ ሰዎች ሥራህ ምንድን ነው ብሎ አንድ እንኳ ሳይጠይቀኝ አበሉኝ፤ እፍረቴም ለቀቀኝ።

ደመና ይታያል። እርስዎ አይዘንብም ብለዋል፤ እኔም እርስዎን አምኛለሁ።

ሩጄሮ


ቶሬካቫ
ግንቦት 5

ለውድ አክስቴ፤

የእጅ ጽሑፌን አይፍረዱበት፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። በሮኪና ሱቅ ስልክ ተደውሎ ደህና መሆኔን እንደ ሰሙ ነግረውኛል። የት እንዳለሁ ግን የነገረዎት ያለ አይመስለኝም። ያለሁት እህትዎ ቤት ነው።

እንዳሉኝ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ። ያ እንደ ድንጋይ የነበረ አፈር በአንድ አፍታ ሊጥ ሆነ። ጎማውና ፓራፋንጎው መሐል ገብቶ ጠቀጠቀውና መንኮራኩሩ መዞር እምቢ አለ። ፓራፋንጎውን ፈትቼ ጣልኩት፤ በእንጨት ቆፍሬ አወጣሁ፤ ጥቂት ተራምጄ እንደ ገና ያዘኝ። ብስክሌቱን ተሸክሜ ልሂድ ስል ጫማዬ በየእርምጃው ጭቃ እየደረበ ከበደኝ። በመጨረሻም ጠርዙ ከእግሬ ሥር ሄደና ከነብስክሌቴ ወደ ገደሉ ተንሸራተትኩ። መንሸራተቴ ሲያበቃ ትከሻዬ ተሰብሯል። ለመውጣት ስሞክር እጄ የሚጨብጠው ነገር የለም፤ ሣር እንኳ የለም። ጮህኩ። ዝናቡ ድምፄን በላው። ጆዚያንን አሰብኩ፤ እርስዎም በረንዳ ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ታየኝ።

ካኒዮ የሚባል የቶሬካቫ ገበሬ ትራክተሩ ላይ ሆኖ ከላይኛው ሸንተረር ቀዩን የዝናብ ልብሴን አይቶ፣ ገመድ ይዞ በእግሩ ወረደ።

«በሕይወት አለህ?» አለ።

«አለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ያዝ!» ገመዱን በወገቤ አሰረና እየሰደበኝ ጎተተኝ። ላይ ስንደርስ፣ «ማን ነው በዚህ ሂድ ያለህ? ጠላት አለህ እንዴ?»

«አክስቴ ናት።»

«የቷ አክስትህ?»

«የሰራልታዋ ኢንኮሮናታ።»

ካኒዮ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ዝናቡ ራሱ ላይ እየወረደ ነው። ከዚያ የነገረኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፤ ቢቆጡኝም እጽፈዋለሁ።

«እናቷ በጆኮንዳ ቤት የሞቱ ጊዜ፣ ያ ክረምት አስፋልቱን ወንዝ ውስጥ ከትቶታል። የስልኩ ምሰሶም አብሮ ሄዷል። ጆኮንዳ ‘ሂድና እህቴን አምጣልኝ’ ብላ የላከችው እኔን ነው። ባለ ሦስት እግር መኪናዬን ይዤ በዚሁ ወረድኩ። አንተን ካወጣሁበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ጭቃው ጎማዬን ዋጠው። በእግሬ ልቀጥል ብል ጫማዬ ቀረ። በካልሲዬ ነው የተመለስኩት።»

«ለአክስቴ ይህን የነገራት አለ?»

«ማን ይነግራታል? መንገዱ ሲከፈት መጣች፤ እናቷ ተቀብረዋል። ጆኮንዳ በር ላይ ቆማ፣ ‘ሳልመጣ ያስቀበርሽው እንዳላያት ብለሽ ነው’ ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የማንንም ቃል አትሰማም። ጆኮንዳም ብትሆን ኩሩ ናት። ‘ካላመነችኝ ትቅር’ አለች። ቀረች።»

ከሸለቆው ሆስፒታል ትከሻዬን አስረው ሲያሰናብቱኝ ካኒዮ በቀጥታ እህትዎ ዘንድ አመጣኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩና ወዴት እንደምሄድ ነገራት። አየችኝ፤ «ጫማህን አውልቅ፤ ወለሉ ተወልውሏል» ብላ አልጋ አነጠፈችልኝ። ስለ እርስዎ አንድ ቃል አልተናገረችም። ማታ ማታ ግን መስኮቷን ከፍታ ወደ እናንተ መንደር መብራት ስታይ አያታለሁ።

አክስቴ፣ ያን ጭቃ ቀምሼዋለሁ። ያ ቀንም እንዲህ ከነበረ ሰው አይደለም፣ ወፍም አያልፍም።

ሩጄሮ


ሰራልታ
ግንቦት 14

ለሩጄሮ፤

የተሰበረ አጥንት ሾርባ ይወዳል። የአጥንት ሾርባ ይሥሩልህ፤ ጨው አይብዛበት፤ አንዳንድ ሰው ጨው ያበዛል። በዚያ ጎንህ እንዳትተኛ። በጀራርዶ እጅ ቃሪያ፣ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ወይን ልኬአለሁ። ወይኑ ለካኒዮ ነው።

ፋብሪካህ እንደ ተዘጋ ከመጀመሪያው ደብዳቤህ ነው የገባኝ። ሥራ ያለው ሰው እንዲህ በትሕትና አይጽፍም። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የጻፍክልኝን አንብቤዋለሁ። ስለሱ የምጽፈው የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ። ሴትዮዋን ቀስ ብለህ ጠይቃት። እኔ ነኝ ያልኩህ እንዳትላት። እማዬ በመጨረሻ ሰዓቷ ምን አለች?

ኢንኮሮናታ


ቶሬካቫ
ግንቦት 17

ለውድ አክስቴ፤

ጠየቅኳት። ከእርስዎ እንደ መጣ ወዲያው አወቀች። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እማዬ እስከ መጨረሻው እኔን ‘ኢንኮሮናታ’ እያለች ነው የጠራችኝ» አለች። «አይኗ ደክሞ ስለነበር እኔን እሷ አደረገችኝ። መጀመሪያ ‘ጆኮንዳ ነኝ’ አልኳት። ኋላ ተውኩት፤ ‘አቤት እማዬ፣ መጥቻለሁ’ አልኳት። እጄን ይዛ ‘ይሄን ሁሉ ጭቃ እንዴት አለፍሽው?’ አለችኝ። ‘ቀላል ነው’ አልኳት። ደስ ብሏት ሞተች። ቄሱ ቶሎ ይቀበሩ ሲል እኔ አይሆንም ብዬ በሩን ቆልፌ ጠበቅኩ። ከዚያ በላይ መጠበቅ አልተቻለም። አካሉ አልጠበቀኝም።»

ድንቿን አንስታ መላጥ ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ጨው ታበዣለሽ ብላ ልካለች?» አለችኝ። አልካድኩም። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ያኔ ገና አየኋት።

አክስቴ፣ እኔ ብስክሌት መንዳት አልችልም፤ ወደ እርስዎ በአውቶቡስ ልመጣ እችላለሁ። ግን እንዲመጡ የምፈልገው እርስዎን ነው። አስፋልቱ ደህና ነው፤ አይቼዋለሁ። ጀራርዶ ከፊት ወንበር ያስቀምጥዎታል።

ሩጄሮ


ሻርለሯ
ሰኔ 26

ለውድ አክስቴ፤

በሰላም ገባሁ። ትከሻዬ ድኗል፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ያሳውቀኛል። ካኒዮ ከገደሉ ያወጣልኝን ብስክሌት ጆዚያን ስታየው፣ «ከነአፈሩ አመጣኸው?» አለች። ከሰንሰለቱ ያ ነጭ ጭቃ እስካሁን ይወጣል።

በምን ቃል ላመስግንዎ? በአባቴ አልጋ ላይ ስላስተኙኝ፣ ዶሮዋን ዘግይቶም ቢሆን ስላረዱልኝ፣ ከሁሉም በላይ ያን ቀን ከአውቶቡሱ ስለ ወረዱ። በጆኮንዳ በር ላይ የሆነውን መቼም አልረሳውም። መጀመሪያ በአካል ያየሁዎ ያኔ ነው፤ በጥቁር ሻርፕ ተጠቅልለው፣ ቅርጫትዎን እንደ ጋሻ ከፊትዎ ይዘው ቆሙ። እሷ ከፈተች። ከዚያ፣ «ግቢና በሩን ዝጊው፤ ዝንብ ይገባል» አለች፤ ጠዋት ከቤት የወጣችን ሰው እንደምታናግር።

በማግስቱ ሁለታችሁ ብቻ ወደ መካነ መቃብሩ ሄዳችሁ። እኔ ልከተል አልፈለግኩም። ምን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኩም፤ ደስ ካለዎት ይጻፉልኝ፣ ካልሆነም አይጻፉ።

ሥራ ገና አላገኘሁም። ይሁን እንጂ እንቅልፌ ተመልሷል። ጠዋት ስነሳ የሚያመሰግኑት ሰው መኖሩ ምን ያህል እንደሚያቀልል አላውቅም ነበር። ያ ሳይናገር ዳገቱን የገፋልኝ ሽማግሌ፣ ካኒዮ፣ ፒሶፍራንኮ ያለችው አሮጊት፣ እርስዎ፣ ጆኮንዳ። አንድ በአንድ እጠራችኋለሁ።

የእናንተው
ሩጄሮ


ቶሬካቫ
ኅዳር 20

ለልጃችን ለሩጄሮ፤

ሰላምታችን እስከ ጆዚያንና እስከ እናትህ ይድረስ። መልስ አዘገየሽ ብለህ አትዘንብኝ፤ ወይራ ለቀማ ላይ ነበርን። ዘንድሮ አብረን ነው የለቀምነው። ከላይ እንዳየኸው የምጽፈው ከቶሬካቫ ነው። ብርዱ እስኪወጣ እዚህ ነኝ፤ ዶሮዎቼንም ጀራርዶ በአውቶቡስ አምጥቶልኛል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ስቆበታል።

መቃብሩ ላይ የሆነውን ሳትጠይቅ ጠይቀኸኛል። የደረቀውን አበባ አነሳን፤ ድንጋዩን አጠብን። ጆኮንዳ እኔን በክርኗ ገፋ አደረገችና ወደ ድንጋዩ ጎንበስ ብላ፣ «እማዬ፣ አሁን የምታናግርሽ እሷው ራሷ ናት» አለች። ከዚያ ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ለእማዬ ምን እንዳልኳት ለራሴ ይቅር። ስጨርስ ዞር ብል ጆኮንዳ እያለቀሰች ነው፤ መሐረብ አልያዘችም። የእኔን ሰጠኋት። እጇ እንደ እማዬ እጅ ሆኗል፤ አላየሁትም ነበር እኮ፣ ሳላየው አርጅቷል። ያዝኩት። ሰው ያየናል ሳንል ተያይዘን ወረድን።

ካኒዮንም አገኘሁት። ሲያየኝ ትራክተሩን አቆመና ሊሸሽ አማረው። «ና አንተ ባለ ካልሲ!» አልኩት። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ምሳ እኛ ጋ ነው የሚበላው።

ልጄ፣ አንተ ምስጋና ጽፈህልኛል። እኔ ደግሞ ለአንተ እንዴት እንደምጽፍ ስፈልግ ወራት አለፉ። በዚያ ገደል የወደቅከው እኔ በሰደድኩህ መንገድ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልወቀስከኝም። ተሰብረህ ሳለ በግራ እጅህ የጻፍክልኝ ለእኔ እረፍት ነበር። እግዚአብሔር ትከሻህን ያጽና፤ እንጀራህን ያስፋ፤ ጆዚያንን የመሰለች ሴት አትለይህ። በበጋ አብራችሁ ኑ፤ በፈለጋችሁት ነገር ተሳፍራችሁ ኑ።

ጆኮንዳ ብዙ ጻፍሽ እያለች ብዕሩን ልትነጥቀኝ ነው።

አክስትህ
ኢንኮሮናታ

ልጄ ሩጄሮ፣ ጆኮንዳ ነኝ። ምድጃው ያለው በአንድ ክፍል ስለሆነ አልጋችን አንድ ነው። እህቴ ሌሊቱን ሙሉ ታንኮራፋለች፤ ለመንደሩም ይሰማል። ነቅቼ አዳምጣታለሁ። እግዚአብሔር ይስጥህ።